ከሳንቃው ማዶ

ጀልባዋ አፏን የከፈተችው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ሾፌሩ ሽቦዎቹን በፒንሳ እየቆረጠና እየመዘዘ ወደ ጣሳው ሲወረውር ቆይቶ፣ ከአፍንጫዋ በኩል ያለውን የመጨረሻውን ሽቦ እንደነቀለ፣ ሁለቱ ሳንቃዎች ተኳርፈው እንደተኙ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ተላቀቁ። ከላይ ደርቆ የነበረው ስስ ቆዳ ተሰነጠቀ። ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ ግን ጭራሽ አልደረቀም፤ እንደ ማር እየተለጠጠ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ሾፌሩ ፒንሳውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተንበርክካ የነበረችው ፋርማሲስቷም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ደርቋል ብለሽኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ከላይ ስነካው ደርቆ ነበር።»

ሾፌሩ ጣቱን ወደ ስንጥቁ ሰዶ አወጣና ቀና አድርጎ አሳያት።  

የዚህች ጀልባ ነገር እንዲህ ነው። የፋርማሲስቷ አባት ዕድሜያቸውን በሙሉ በዳኝነት ያሳለፉ፣ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ከከተማው ጫፍ ባለው ሐይቅ ላይ ብቻቸውን ለመንሳፈፍ የተመኙ ሰው ናቸው። ምኞታቸውንም በካርቶን አዘዙት። ኮምፔንሳቶው በልክ ተቆርጦ፣ ቀዳዳው ተበስቶ፣ ሸራው ተጣጥፎ የሚመጣ፣ እቤት የሚገጣጠም፣ በነፋስ የሚሄድ ባለ ሸራ ጀልባ ነበር። ካርቶኖቹ ሲደርሱ ግን ዳኛው ሆስፒታል ተኝተዋል። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውንና ቀኝ እግራቸውን ያዘባቸው። መኪናቸው ተሸጠ፣ ካርቶኖቹ ባዶው ጋራዥ ውስጥ ገቡ፣ ዳኛውም በየጠዋቱ ከዘራቸውን ተደግፈው እየሄዱ ካርቶኖቹን አይተው ይመለሱ ነበር። አንድያ ልጃቸው፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻዋን የምትኖረው ፋርማሲስቷ፣ ይህን አይታ ማለፍ አልሆነላትም።

በዚያን ጊዜ ደግሞ የምትወደው ሰው ነበራት። ከሥራ ወደ ቤት የሚያደርሳት አውቶቡስ ሾፌር ነው። ፍቅራቸው የተጀመረው ከመሪው በላይ ባለው መስታወት ውስጥ ነው። እሱ ተሳፋሪ የሚቆጣጠር መስሎ እሷን ያያል፣ እሷ መንገድ የምታይ መስላ እሱን ታያለች። ከመስታወቱ ወጥተው ጎን ለጎን መሄድ ከጀመሩም ቆይተዋል። ግን የዳኛው ልጅ አውቶቡስ ነጂ ይዛ በዳኛው ደጅ እንዴት ትግባ? ዳኛው አማች የሚሆናቸውን ሰው ገና ድሮ በሐሳባቸው ቀርጸው፣ ጥቁር ካባ አልብሰው አስቀምጠውታል። ለመናገር ስትነሳ አንደበቷ ይተሳሰርባታል። እናም አንድ ቀን፣ እሱን ወደ ቤቷ ለማምጣትም፣ አባቷን ለማስደሰትም ብላ፣ «አባባ፣ ጀልባዋን የሚገጣጥምልህ አናጢ አገኘሁ» አለች።

አናጢው መዶሻ ይዞ የሚያውቀው ግድግዳ ላይ ምስማር ሲመታ ብቻ ነው፤ ያኔም አውራ ጣቱን ስቶ አያውቅም። ቢሆንም መጣ። በጓሮ በር ይገባል፣ እጁን በግቢው ቧንቧ ይታጠባል፣ ቅዳሜ ሲመሽ ዳኛው በግራ እጃቸው የሚዘረጉለትን ደሞዝ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል፣ በዚያው ደሞዝ ለጀልባዋ የብርጭቆ ወረቀት ይገዛበታል። ሰው ፊት ሲሆን እሷን «እርስዎ» ይላታል።

ደግነቱ ይህች ዓይነት ጀልባ በምስማር አትመታም፤ ትሰፋለች። የሳንቃዎቹ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፣ በስፌቱ ላይ ማጣበቂያ ይሞላል፣ ሲደርቅ ሽቦው ይወጣል። ስፌቱን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። አንዱ ከውስጥ ተንበርክኮ ሽቦውን በቀዳዳው ያሳልፋል፣ ሌላው ከውጭ ተቀብሎ በፒንሳ ይጠመዝዛል። ሳንቃው መሐል ስላለ አይተያዩም። ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ያልደፈረውን ከሳንቃ ማዶ ይደፍራል። እሱ በልጅነቱ እናቱ ጥላው መሄዷን የነገራት ሽቦ እየጠመዘዘ ነው። እሷም «እንዳንተ የወደድኩት ሰው የለም» ያለችው፣ ፊቷ ሲቀላ የሚያያት ባለመኖሩ ነው። «ጀልባዋ ያለቀች ዕለት ለአባባ እነግረዋለሁ» ብላ ቃል የገባችለትም በዚያው ሳንቃ በኩል ነበር።

ጀልባዋም ልታልቅ ተቃርባ ነበር።

«የበጠበጥሽው አንቺ ነሽ» አለ ሾፌሩ አሁን። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ሁለት እጅ ከትልቁ ጀሪካን፣ አንድ እጅ ማድረቂያ ከትንሹ። የሕፃን መድኃኒት በጠብታ የምትለኪ ሴት ይሄ ይጠፋሻል?»

«የመድኃኒት ቆጠራ ላይ ነበርን እኮ! ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት። ዓይኔ እየተከደነ ነው የበጠበጥኩት። ሁለቴ ከአንዱ ጀሪካን ቀድቼ ይሆናል፤ ማድረቂያውን ረስቼው ይሆናል።»

«ወይስ እንዳታልቅ ነው?»

አፏን ከፈተች። መማል ትችል ነበር። ብትምልለት ሊያምን የተዘጋጀ ሰው ፊት ነበር የሚታያት። ግን አልማለችም፤ ምክንያቱም ያን ቀን ኩባያውን ስታማስል ውስጧ ምን እንደነበረ ራሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

«አላውቅም» አለችው።

ሾፌሩ ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እንደ ሁልጊዜውም ጠርጎ ነው ያስቀመጠው።

«እኔ ደከመኝ» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ መሪ ይዤ እውላለሁ። ሲሰለቸኝ ቅዳሜን አስባለሁ። ቅዳሜ ስመጣ ደግሞ ሌላ ሰው እሆናለሁ። አናጢው እባላለሁ፣ የምወዳትን ሴት እመቤቴ እላለሁ፣ በጓሮ እገባለሁ፣ በጓሮ እወጣለሁ። ሥራው አልከበደኝም፣ ሙች፣ ወድጄዋለሁ። ሌላ ሰው መሆን ነው ያቃተኝ። አንቺ ስትደክሚ ማድረቂያ ትረሻለሽ። እኔ ሲደክመኝ ማንነቴን ልረሳ ነው።»

«ትንሽ ታገሠኝ። እንፍቀውና እንደገና...»

«እንደገና» አለ፣ ቃሉን በቀስታ እየቀመሰ። «አይ፣ ዶክተርዬ።»

ፋርማሲስት መሆኗን እያወቀ ዶክተርዬ የሚላት ሊያስቃት ሲፈልግ ነው። ዛሬ ግን አልሳቀችም። እጁን ቧንቧው ጋ ሳይታጠብ፣ ማጣበቂያው ጣቶቹ ላይ እንዳለ፣ በጓሮው በር ወጣ። ሲወጣም እንኳ ቀትር ላይ የተኙት አባቷ እንዳይነቁ ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። እንባዋን ያመጣው ይህ ነው።

*

ሰኞ ከሥራ ወጥታ አውቶቡሱን ጠበቀች። እሱ ነበር። ገባች፣ ከፈለች፣ የዘወትር ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ቀና አለች።

መስታወቱ ዞሯል። ወደ ላይ ተገፍቶ የአውቶቡሱን ጣራ ነው የሚያሳየው። የተላጠ ቀለምና አንዲት ጭል ጭል የምትል መብራት ታየቻት፤ ሌላ ምንም የለም።

ተነስታ ከኋላው ልትቆም ወደደች። ግን ከመቀመጫው በላይ «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። በደጉ ጊዜ ስንቴ ስቀውበታል! «ሕጉ ባይኖር ኖሮ ምን ልትይኝ ነበር?» ይላት ነበር የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲወርዱ። ዛሬ ጽሑፉ እውነቱን ሆኖ ተገኘ። ፌርማታዋ ሲደርስ «አመሰግናለሁ» አለችና ወረደች፤ እንደ ማንኛዋም ተሳፋሪ። እሱም እንደ ማንኛውም ሾፌር በሩን ዘጋ።

በዚያ ሳምንት ፋርማሲስቷ ከሥራ እየመጣች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ጋራዥ መግባት ያዘች። ያልደረቀውን ማጣበቂያ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቀች፣ በመፋቂያ እየፋቀች፣ በአልኮል እየጠረገች እንጨቱን ዳግም አራቆተችው። ቀን መድኃኒት ቤት ቆማ፣ ማታ ጋራዥ ተንበርክካ። ወገቧ ለሁለት የተቆረጠ ይመስላት ነበር።  ከበደለችው ነገር ከፊቷ ያለው ይህ ብቻ ነው፤ እጇ የሚደርስበትም ይህ ብቻ።

«አናጢው የት ጠፋ?» አሉ ዳኛው እራት ላይ።

«አሞት ነው አባባ።»

ውሸቱ እንዴት እንደቀለላት ራሷን አስደነገጣት። ጉርሻዋን ሳትውጥ ይዛ ቆየች።

*

ተፍቆ ሲያልቅ የሚቀረው መልሶ መስፋት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ሞከረች። ከውስጥ ሽቦውን ታሳልፋለች፣ ከጀልባዋ ወጥታ ዞራ እስክትደርስ ሽቦው ተንሸራቶ መሬት ወድቋል። እንደገና ገባች፣ እንደገና ወጣች። በመጨረሻ እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ተዘርፍጣ ቀረች።

የከዘራ ድምፅ ሰማች። ኳ... ሸርተት። ኳ... ሸርተት።

«ወንበር አምጪልኝ» አሉ ዳኛው ከበሩ።

«አባባ፣ ይበርድሃል። ግባ።»

«ወንበር አልኩሽ። ፒንሳውንም።»

ከጀልባዋ አፍንጫ አጠገብ ተቀመጡ። ጀልባዋ ሁለት መቆሚያ ላይ ስለተጫነች ከውስጥ ለተንበረከከች ሰው ከሳንቃው በቀር የሚታይ የለም። ፒንሳው ከማዶ ሳንቃውን ሲነካ ተሰማት።

«አሳልፊ» አሉ።

አሳለፈች። የሽቦው ጫፍ ተንቀጠቀጠ፣ ተሳበ፣ ተመለሰ፣ ተሳበ። በግራ እጅ ነው። ዳኛው ባልለመደ እጃቸው ሲታገሉ፣ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማታል። ከብዙ ትግል በኋላ ሽቦው ጠበቀና ሁለቱ ሳንቃዎች ተጠጋጉ።

«ቀጣዩን።»

ቀጣዩን አሳለፈች። ሳንቃው ፊቷ ላይ ነው፤ አባቷ ከሳንቃው ወዲያ ናቸው። እዚህ ቦታ ላይ ተንበርክካ ውሸት ተናግራ አታውቅም። ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አባባ።»

«እ?»

«አናጢ አይደለም።»

ሽቦው መዞሩን አቆመ።

«አውቶቡስ ነጂ ነው። እኔ ነኝ አናጢ ነው ያልኩህ። ካርቶኖቹ ሳይመጡ በፊት ጀምሮ እንዋደዳለን። በጓሮ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ያስባልኩት እኔ ነኝ፣ ያንተን ደሞዝ ጎንበስ ብሎ ሲቀበል ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ስንጨርስ እነግረዋለሁ ብዬው ነበር። አላመመውም፣ ሰልችቶት ሄደ። እወደዋለሁ አባባ። ከሄደ ጀምሮ ምንም አይጣፍጠኝም።»

 የግቢው ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ፋርማሲስቷ ግንባሯን ሳንቃው ላይ አሳረፈች።

«አናጢ አለመሆኑንማ መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት» አሉ ዳኛው። «መጋዙን በሁለት እጁ እንደ መሪ ነው የያዘው። ስንት ሰው ሲዋሽ ችሎት ላይ አዳምጫለሁ፤ የሱን ያህል የማይችልበት ግን አላየሁም። አንቺን ሲያይማ በሩ ላይ የቆምኩትንም ይረሳል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ። ከነገርሽኝ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ። እምቢ ብል ትሄጃለሽ።» ፒንሳውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «እሺ ብልም ትሄጃለሽ። ዳኛ ፍርድ ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? ቀጠሮ ይሰጣል። ቅዳሜን ለቅዳሜ እየቀጠርኩ ከረምኩ። ጀልባዋ ባታልቅ ግድ የለኝም ነበር።»

ፋርማሲስቷ ያን የኩባያ ማጣበቂያ አስታወሰች። ድካሟም እውነት ነበር፣ ፍርሃቷም እውነት ነበር፤ የትኛው እጇን እንደያዘው መለየት አሁን ቀርቶ መቼም አይሆንላትም።

«እኔም ቀጠሮ ስሰጥ ነበር መሰለኝ» አለች።

«የማን ልጅ ነሽና።»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት።

«አውቶቡስ ነጂ» አሉ ዳኛው፣ ቃሉን ጥርሳቸው መሐል እንደገባ አጥንት እያላመጡት። «ካባ የለበሰ ነበር የጠበቅሁት።»

«አውቃለሁ።»

«አሁንም ደስ አላለኝም። አልዋሽሽም። ግን ሰውየው ጎንበስ ሲልልኝ፣ እያወቅሁ እጄን የዘረጋሁት...» ሐሳባቸውን አልጨረሱትም። ድምፃቸው ወደ ውስጥ ሰመጠ። ሳንቃው ባይኖር ያን ያህልም አይናገሩም ነበር። «እያለቀስሽ ነው እንዴ?»

«አይ።»

«ማጣበቂያው እርጥብ እንጨት ላይ አይይዝም ይላል መመሪያው። ቀጣዩን አሳልፊ።»

አሳለፈች። ሽቦው ከማዶ በግራ እጅ ተይዞ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ጠበቀ። አባቷን እንደዚያን ጊዜ ወዳቸው አታውቅም።

*

ማግሥቱን ዳኛው ሱፋቸውን አስመጡ። ቀኝ እጃቸውን እጅጌው ውስጥ እሷ አስገባችላቸው፣ ክራቫታቸውንም አሰረችላቸው። የት እንደሚሄዱ አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም። ፌርማታው ቅርብ ነው፣ ለዳኛው እግር ግን ሩቅ ነበር። መንገድ ላይ እየቆሙ፣ ያረፉ እንዳይመስሉ የሰው አጥር እያደነቁ ደረሱ።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ሲከፈት ሾፌሩ አያቸው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሸሸ። ዳኛው ከዘራቸውን መወጣጫው ላይ አቆሙ። ሾፌሩ ሊያግዛቸው ከመቀመጫው ከፍ አለ፣ ዳኛው በዓይናቸው መለሱት። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ፤ ሾፌሩ ግን ሞተሩን እንኳ ሳያስጮህ ጠበቀ። ዳኛው ወጡና ልክ ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ተቀመጡ፣ ልጃቸውም ከአጠገባቸው። መስታወቱ አሁንም ጣራ ያያል።

ዳኛው ጽሑፉን ጮክ ብለው አነበቡት። «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው። ጥሩ። ሕግ አላፈርስም። የምናገረው ለልጄ ነው።»

«አባባ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ልጄ ሆይ፣ ጀልባዋ ዳግም ተሰፍታለች። ማጣበቂያው ሲበጠበጥ እኔ ራሴ አጠገብሽ ሆኜ አይቻለሁ፤ ሁለት እጅ ከትልቁ፣ አንድ እጅ ከትንሹ። ቅዳሜ ደርቆ ይጠብቃል። ሽቦውን የሚቆርጥ ሰው ግን የለንም።»

የሾፌሩ ጆሮ ሲቀላ ከኋላ ታየ።

«አናጢ እንፈልግ ካልሽ፣ አናጢ አልፈልግም» ቀጠሉ ዳኛው። «አንድ አናጢ ነበረን፣ መጋዝ መያዝ አይችልም። ደሞዝም አልከፍልም ከእንግዲህ። ደሞዝ ከፍዬው ነበር፤ ያንን ይቅር እንዲለኝ እፈልጋለሁ።» የመጨረሻውን ያሉት ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

 አውቶቡሱ አንድ ፌርማታ ቆመ፣ ተነሳ፤ ሌላ ፌርማታ ቆመ፣ ተነሳ። ፋርማሲስቷ የከዘራውን አናት አጥብቃ ይዛለች። ካልመለሰላት እንደማትጮህ፣ እንደማታለቅስ፣ ወርዳ ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ለራሷ ነገረች፤ አንዱንም አላመነችውም።

የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሲሆን ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተናገረ።

«ሰውየው በየትኛው በር ነው የሚገባው?»

«በፊት ለፊቱ» አሉ ዳኛው። «የምከፍተው ግን እኔ ነኝ። እግሬ ይጎተታል፤ ከወንበሬ ተነስቼ እስክደርስ ጊዜ ይወስዳል። አንኳኩቶ ይታገሥ።»

«ይታገሣል» አለ ሾፌሩ። ድምፁ ተሰበረ። «መጠበቅስ ለምዷል።»

እጁን ዘርግቶ መስታወቱን ወደ ታች ሳበው። ጣቱ ላይ የደረቀ ማጣበቂያ አሁንም አለ። ጣራው ከመስታወቱ ውስጥ ወረደና ዓይኖቹ መጡ። ቀልተዋል፣ ከሥራቸው ጠቁረዋል፤ የሷም ከዚያ አይሻሉም። ያንን የደከመ ፊት ከካባ ለባሹ ሁሉ አብልጣ እንደምትወደው አባቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሳትሰርቅ፣ ሳትደብቅ በዓይኗ ነገረችው።

«የመጨረሻው ፌርማታ ሐይቁ ጋ አይደል?» አሉ ዳኛው። «ከታመምኩ ወዲህ አላየሁትም። እስከዚያው እንሂድ።»

ፋርማሲስቷ እሺ ልትል ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም፤ ሰውነቷም ይህን ብቻ ሲጠብቅ እንደኖረ ሁሉ ራሷ ቀስ ብሎ አባቷ ትከሻ ላይ ወደቀ፣ እንቅልፍም ይዟት ሄደ። ዳኛው በግራ እጃቸው ፀጉሯን ከዓይኗ ላይ ገለል አደረጉላት። ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ሲደርስም አውቶቡሱን በጣም ቀስ አድርጎ አሳለፈው።